የኸር-2 አንቲቦዲ፦ የጡት ካንሰር ሕክምናን የሚወስነው የላቦራቶሪ ምስክር

የጡት ካንሰር አንድ ስም ይኑረው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። በሁለት ሴቶች ጡት ላይ የተገኘ፣ መጠኑም ሆነ ደረጃው ተመሳሳይ የሆነ እብጠት በአንደኛዋ ላይ ለአንድ መድኃኒት ፈጥኖ ሲሸነፍ፣ በሌላዋ ላይ ግን ያው መድኃኒት ምንም ለውጥ ሳያመጣ ሊቀር ይችላል። ይህን ልዩነት አስቀድመው ለማወቅ ሐኪሞች ከሚመኩባቸው ምርመራዎች አንዱ «ኸር-2» የተባለውን ፕሮቲን በካንሰር ሕዋሳት ላይ ፈልጎ በሚያገኝ የላቦራቶሪ አንቲቦዲ የሚካሄደው ነው። ውጤቱ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ታካሚዋ የትኛውን መድኃኒት እንደምታገኝ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ይኸው መስመር ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በኢትዮጵያም የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። በጥቅሉ ሲታይ ከ100 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ኸር-2 ከመጠን በላይ በዝቶ ይገኛል። እነዚህን ታካሚዎች ከሌሎቹ የሚለየው አንቲቦዲ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሚሰጠውም ምስክርነት መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚያሳስት በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሕዋሱ በር ላይ ያለው ዘበኛ

የሰው አካል በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ሕዋሳት መቼ ማደግ፣ መቼ መከፋፈል፣ መቼም ማረፍ እንዳለባቸው የሚነግሯቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች ከአካባቢያቸው ይደርሷቸዋል። ብዙዎቹን መልእክቶች የሚቀበሉት በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉ «ተቀባይ» የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ተቀባይ ፕሮቲን በግቢ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ መልእክተኛው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ መልእክቱን ከደጅ ተቀብሎ ለባለቤቱ ያደርሳል። የፕሮቲኑ ራስ ከሕዋሱ ውጭ፣ ወገቡ በሽፋኑ መካከል፣ ጅራቱ ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ይገኛል።

ኸር-2 አራት አባላት ካሉት የተቀባዮች ቤተሰብ አንዱ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ከውጭ የሚመጣ የእድገት መልእክተኛ ሲይዛቸው ቅርጻቸውን ለውጠው ይነቃሉ። ኸር-2 ግን የራሱ የሆነ የታወቀ መልእክተኛ የለውም፤ ቅርጹም ሁልጊዜ ከሌላው ጋር ለመጣመር የተዘጋጀ ነው። ከቤተሰቡ አባላት ከአንዱ ጋር ሲጣመር ጅራቱ ይነቃል፤ «ተከፋፈል» የሚለው ትእዛዝም ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ ሕዋሱ አስኳል ይደርሳል።

ይህ ሥራ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ በልክ የሚካሄድ ነው። ኸር-2ን የሚያሠራው ጂን በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ጤነኛ ሕዋስ የዚህ ጂን ሁለት ቅጂዎች አሉት። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ግን ጂኑ ያለ ልክ ይባዛል። ጂኑ ሲበዛ ፕሮቲኑም ይበዛል፤ በጤነኛ ሕዋስ ሽፋን ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ኸር-2 በካንሰሩ ሕዋስ ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ዘበኞቹ እርስ በርሳቸው እየተጣመሩ፣ መልእክተኛ ሳይመጣ «ተከፋፈል» የሚለውን ትእዛዝ ያለማቋረጥ ያስተላልፋሉ።

የዚህ ፕሮቲን ጉዳይ የላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው በ1987 ዴኒስ ስላሞን በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ189 ታካሚዎች የተወሰደ የጡት ካንሰር ናሙና መርምረው፣ ጂኑ የተባዛባቸው ሴቶች በሽታው ፈጥኖ እንደሚያገረሽባቸውና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳዩ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ በአንዲት ሴት ናሙና ውስጥ ይህን ፕሮቲን በአስተማማኝ ሁኔታ እንዴት ማየት ይቻላል?

አንቲቦዲ፣ የተፈጥሮ መለያ መሣሪያ

አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል ሰውነት ከተሕዋስያን ራሱን የሚከላከልበት ፕሮቲን ነው። ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ሁለት ጫፍ አለው። እነዚህ ጫፎች አንድን የተወሰነ ቅርጽ ብቻ ለይተው እንዲይዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሳይንቲስቶች ይህን የተፈጥሮ ችሎታ ወደ መለያ መሣሪያነት ለወጡት። ከሰው ኸር-2 የተወሰደ ቁራጭ ወደ ጥንቸል ወይም ወደ አይጥ ሰውነት በመርፌ ሲገባ፣ የእንስሳው መከላከያ ሥርዓት ቁራጩን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚይዙት አንቲቦዲዎችን ያመርታል።

ከእንስሳው ደም የሚገኘው አንቲቦዲ ግን ድብልቅ ነው፤ አንዱ የፕሮቲኑን አንድ ጎን፣ ሌላው ሌላውን ጎን ይይዛል። እንስሳው ሲሞትም ያው ድብልቅ ዳግመኛ አይገኝም። ለዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘው በ1975 ነው። ጆርጅስ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚያመርትን አንድ ሕዋስ ሳያቋርጥ ከሚባዛ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሃዱ። ከውሕደቱ የተገኘው ሕዋስ ዓይነቱ ያልተለወጠ፣ አንድ ወጥ አንቲቦዲ ያለማቋረጥ የሚያመርት ሆነ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1984 ከኒልስ ያርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ኸር-2ን የሚመለከቱ አንቲቦዲዎች ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ አላቸው። አንደኛው ዓይነት በላቦራቶሪ ውስጥ ፕሮቲኑ መኖሩንና መጠኑን የሚያሳይ ነው፤ ወደ ታካሚዋ ሰውነት አይገባም። ሁለተኛው ዓይነት በደም ሥር ወይም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በምርመራ ላይ በስፋት የሚሠራባቸው አንቲቦዲዎች በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የፕሮቲኑን ጅራት ሲይዙ፣ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ከሕዋሱ ውጭ ያለውን ክፍል ይይዛል። የመጀመሪያው ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ይፈውሳል። ፈዋሹ የሚጠራው ግን ምስክሩ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነው።

ከናሙና እስከ ቡናማ ቀለም

ምርመራው የሚጀምረው ሐኪሙ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ከእብጠቱ ቁራጭ ሥጋ ሲወስድ ነው። ናሙናው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ፎርማሊን ሥጋው እንዳይበሰብስ ያደርጋል፤ ፕሮቲኖቹንም ባሉበት አስሮ ያቆያቸዋል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለኸር-2 ምርመራ የሚመጣ ናሙና በፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓትም ያልበለጠ ጊዜ እንዲቆይ ያዝዛሉ። ከዚያም ውኃው ተመጥጦ ቀልጦ በተዘጋጀ የፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀበራል። የሰሙ ጡብ ሲጠነክር በልዩ መሣሪያ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ 4 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊ ሜትር ለ250 ያህል እንደ መክፈል ነው። ቁራጩም በመስታወት ስላይድ ላይ ይለጠፋል።

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን ሲያስር አንቲቦዲው የሚይዘውን ቅርጽም ይሸፍናል። ስለዚህ ባለሙያው ስላይዱን በተመጠነ ፈሳሽ ውስጥ በማሞቅ የተሸፈነውን ይገልጣል። ቀጥሎ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ኸር-2 ካለ ይይዘዋል፤ ያልያዘው ታጥቦ ይወገዳል። አንቲቦዲው በዓይን ስለማይታይ፣ እርሱን ራሱን የሚይዝና ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይከተላል። በመጨረሻ ቀለም የሌለው ኬሚካል ሲጨመር ኢንዛይሙ ኬሚካሉን ወደ ቡናማ ቀለም ይለውጠዋል። ቡናማው ቀለም የሚቀረው ኸር-2 ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የሕዋሳቱ አስኳል ደግሞ ለመለየት እንዲያመች በሰማያዊ ቀለም ይነከራል።

ቀጣዩ ሥራ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ቡናማውን ቀለም በዘፈቀደ ሳይሆን በካንሰር ሕዋሳቱ ሽፋን ዙሪያ ነው። ኸር-2 የሽፋን ፕሮቲን ስለሆነ ትክክለኛው ምልክት ሕዋሱን እንደ ቀለበት ይከብበዋል። በሕዋሱ ውስጥ የተበተነ ወይም በናሙናው ጠርዝ ላይ ብቻ የተከማቸ ቀለም ለውጤቱ አይቆጠርም።

0፣ 1+፣ 2+፣ 3+ ምን ማለት ነው?

ውጤቱ በአራት ደረጃ ይጻፋል። «0» የሚባለው ቀለም ጨርሶ ሳይታይ ሲቀር ወይም ከ10 በመቶ በማይበልጡ የካንሰር ሕዋሳት ላይ እጅግ ደብዛዛ ሆኖ ሲታይ ነው። «1+» ከ10 በመቶ በላይ በሆኑ ሕዋሳት ላይ ደብዛዛና ዙሪያውን ያልሞላ ቀለም መኖሩን ያሳያል። «2+» ቀለሙ የሕዋሱን ዙሪያ ቢከብም መካከለኛ ወይም ደካማ መሆኑን ያመለክታል። «3+» ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ የሆኑ የካንሰር ሕዋሳት በደማቅ ቡናማ ቀለበት ሙሉ በሙሉ ተከበዋል ማለት ነው።

«3+» የሆነ ናሙና ኸር-2 ፖዘቲቭ ይባላል። «0» እና «1+» በተለመደው አጠራር ኔጋቲቭ ናቸው። «2+» ግን ፍርድ ያላገኘ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ፊሽ የሚባል ወይም እርሱን የመሰለ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል። ይህ ምርመራ ፕሮቲኑን ሳይሆን የጂኑን ቅጂዎች በብርሃን በሚታዩ ነጥቦች አማካይነት ይቆጥራል። ጂኑ ተባዝቶ ከተገኘ ታካሚዋ ከፖዘቲቮቹ ወገን ትመደባለች። ስለዚህ «2+» የሚል ወረቀት ይዞ ቀጣዩን ምርመራ ሳያደርጉ መቅረት የተጀመረን መንገድ በእኩሌታ እንደ መተው ነው።

ምስክሩ ሲሳሳት

አንቲቦዲ የሚናገረው በቀለም ነው፤ ቀለሙ ግን ከሚፈለገው ፕሮቲን መምጣቱን በራሱ አያረጋግጥም። በሰው ሕዋስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ብዙዎቹም እርስ በርስ የሚመሳሰል ክፍል አላቸው። አንቲቦዲው ተመሳሳዩን ከያዘ ቀለሙ ያው ቡናማ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሐሰት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ አንቲቦዲን በዕቃው ላይ በተለጠፈው ስም ብቻ አምኖ መጠቀም ለስሕተት ይዳርጋል።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ የሚሆነው ሌላ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። ኤስትሮጅን-ቤታ የሚባለው የሆርሞን ተቀባይ በ1996 ከታወቀ በኋላ በጡት ካንሰር ውስጥ ስላለው ሚና ብዙ ተጽፏል። በ2017 ግን በስዊድን የሚገኙ ተመራማሪዎች ለዚህ ፕሮቲን ተብለው የተዘጋጁ 13 አንቲቦዲዎችን አንድ በአንድ ሲፈትኑ፣ ዒላማውን ብቻ በትክክል ለይቶ ያገኘው አንዱ ብቻ ሆነ። በዚያ በታመነው አንቲቦዲ ሲታይ ደግሞ ፕሮቲኑ በመረመሩት የጡት ናሙና ውስጥ አልተገኘም። ለዓመታት የተደከመበት ምርምር ከፊሉ በተሳሳተ ምስክር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የአሠራር ጉድለት ነው። አንቲቦዲው ጥሩ ቢሆንም ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ለሰዓታት ከቆየ፣ ወይም ስላይዱ ያለ ልክ ከሞቀ፣ የነበረው ፕሮቲን እንደሌለ፣ ያልበዛውም እንደበዛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ለአንድ ትልቅ የመድኃኒት ሙከራ በየአካባቢው ላቦራቶሪ ኸር-2 ፖዘቲቭ ተብለው ከተላኩ ናሙናዎች መካከል 18 በመቶ የሚሆኑት በማዕከላዊ ላቦራቶሪ ዳግም ሲመረመሩ ውጤታቸው ሊረጋገጥ አልቻለም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ማኅበራት በ2007 የጋራ መመሪያ ሲያወጡም፣ በወቅቱ ከሚካሄዱት የኸር-2 ምርመራዎች 20 በመቶ ያህሉ የተሳሳቱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጸው ነበር።

ስሕተቱ በሰው ሕይወት ላይ የሚያስከትለውን ከካናዳ የተገኘ ታሪክ ይናገራል። በኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ግዛት ከ1997 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ውስጥ በተካሄደ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ወደ 400 የሚጠጉ የጡት ካንሰር ታካሚዎች የተሳሳተ ውጤት ተሰጥቷቸዋል። የሆርሞን ተቀባይ እያላቸው «የለም» የተባሉት ታካሚዎች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረውን ፀረ ሆርሞን መድኃኒት የማግኘት ዕድል አመለጣቸው። ስሕተቱ ይፋ ሲሆን ከ100 በላይ የሚሆኑት በሕይወት አልነበሩም፤ ከእነርሱ መካከል ትክክለኛው ሕክምና ስንቱን ሊያተርፍ ይችል እንደነበር መናገር ግን አይቻልም። በዳኛ ማርጋሬት ካሜሮን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ሪፖርት የጥራት ቁጥጥር መጓደሉን አረጋግጦ ዝርዝር የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ።

ምስክሩ እንዴት ይፈተናል?

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የተገኘው ትምህርት ዛሬ የጥሩ ላቦራቶሪ መለያ ሆኗል። አንድ አንቲቦዲ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ኸር-2 እንደበዛባቸው በሚታወቁ ሕዋሳትና ኸር-2 ባልበዛባቸው ሕዋሳት ላይ ይሞከራል፤ የመጀመሪያዎቹን በደማቁ ሊያቀልም፣ ሁለተኛዎቹን ግን ሊተው ይገባል። ከሁሉ የጠነከረው ፈተና ጂኑ ሆን ተብሎ በተወገደበት ሕዋስ ላይ የሚደረገው ነው። ፕሮቲኑ ጨርሶ በሌለበት ሕዋስ ላይ ቀለም የሚያሳይ አንቲቦዲ ሐሰተኛ ምስክር መሆኑ በዚያው ይረጋገጣል።

ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃም አይደለም። በየዕለቱ ከታካሚዋ ናሙና ጋር ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች አብረው ይቀለማሉ። የታወቀው «3+» ደማቅ ሆኖ ካልወጣ ወይም የታወቀው «0» ከቀለመ የዚያ ዕለት ሥራ በሙሉ ይደገማል። ከዚህ በተጨማሪ ላቦራቶሪዎች ከውጭ አካል የሚላክላቸውን ናሙና መርምረው ውጤታቸውን ከሌሎች ጋር ያነጻጽራሉ። አይ.ኤስ.ኦ. 15189 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ላቦራቶሪዎች መስፈርትም እንዲህ ያለውን ቁጥጥር ይጠይቃል።

ውጤቱ የሚከፍተው በር

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትራስቱዙማብ የተባለውን መድኃኒት በመስከረም ወር 1998 ሲያጸድቅ፣ ለመድኃኒቱ የሚመጥኑ ታካሚዎችን የሚለየውን የአንቲቦዲ ምርመራ አብሮ አጽድቋል። መድኃኒትና ምርመራ እንደ ጥንድ የሚታዩበት አሠራር በዚህ ተጠናከረ። በ2005 የታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ ኸር-2 ፖዘቲቭ የጡት ካንሰር ትራስቱዙማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ወይም ከኬሞቴራፒ በኋላ ሲሰጥ የበሽታውን ማገርሸት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህ ዓይነት ካንሰር ቀድሞ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነበር፤ ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት ጥሩ ሕክምና ካላቸው ወገን ተመድቧል።

መድኃኒቱ ያለ ዋጋ የሚገኝ ግን አይደለም። በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የልብን የመርገጥ ኃይል ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና በሕክምናው ወቅት በየጊዜው የልብ ምርመራ ይደረጋል። ስለዚህ በስሕተት «ፖዘቲቭ» የተባለች ታካሚ ለማይጠቅማት መድኃኒት ገንዘቧንና የልቧን ጤና ትከፍላለች። በስሕተት «ኔጋቲቭ» የተባለችው ደግሞ ሕይወቷን ሊያተርፍ የሚችለውን ታጣለች።

የመድኃኒቱን ተደራሽነት በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ትራስቱዙማብን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካትቷል። በ2019 ደግሞ ከመጀመሪያው መድኃኒት ጋር ተመሳሳይ ጥቅም ያለውንና በአነስተኛ ዋጋ ሊቀርብ የሚችለውን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥራቱን አረጋግጦ ተቀብሏል። በ2022 ሌላ ለውጥ መጣ። ትራስቱዙማብን ከኬሞቴራፒ ጋር አቆራኝቶ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ የሚያደርስ አዲስ መድኃኒት፣ ውጤታቸው «1+» ለሆነና በ«2+» ላይ ጂናቸው ላልተባዛ፣ በሽታውም ወደ ሌላ አካል ለተዛመተባቸው ታካሚዎች ተፈቀደ። ቀድሞ «ኔጋቲቭ» ተብሎ በአንድ ላይ ይታለፍ በነበረው ክፍል ውስጥ በ«0» እና በ«1+» መካከል ያለው ስስ ልዩነት በራሱ ትልቅ ትርጉም አገኘ። አንቲቦዲው የሚሰጠው ምስክርነት ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻውም ለዚህ ነው።

በስደት አገር የሚኖር ታካሚ ምን ሊያውቅ ይገባል?

ከአገር ርቀው በሥራ ላይ ለሚገኙ ወገኖች ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ገጽታ አለው። አንዲት ሠራተኛ ምርመራዋን በአንድ አገር ጀምራ ሕክምናዋን በሌላ አገር ልትቀጥል ትችላለች። በዚህ መካከል የሚጠፋ ወረቀት የወራት ጊዜ ሊያባክን ይችላል። ስለሆነም የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ወረቀቱ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ውጤትን እንዲሁም የኸር-2ን ደረጃ በቁጥር መያዙን ያረጋግጡ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በስልክ ማስቀመጥና ለሚታመን የቤተሰብ አባል መላክም መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የኸር-2 ውጤት «2+» ከሆነ የጂን ምርመራው መታዘዙንና ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ወይም ሆስፒታል የሚቀይር ታካሚ ናሙናው የተቀበረበትን የፓራፊን ጡብ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ቢጠይቅ ይበጃል። ጡቡ በተለመደ የክፍል ሙቀት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ምርመራውን ለመድገም ያገለግላል። ተቆርጦ በስላይድ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ግን ጊዜ ሲያልፍበት የአንቲቦዲ ምልክቱ ይዳከማል፤ መመሪያዎችም ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ ቁራጭ ለኸር-2 ምርመራ እንዳይውል ይመክራሉ።

አራተኛ፣ በሽታው ከዓመታት በኋላ ቢያገረሽ ወይም ወደ ሌላ አካል ቢዛመት በአሮጌው ውጤት ብቻ መተማመን አይገባም። የኸር-2 ሁኔታ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከተቻለ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ተወስዶ ምርመራው ይደገማል።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ከሌሎች ምልክቶች ጋር የማይጣጣም መስሎ ከታየ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ራሳቸው የፓቶሎጂ ሐኪሞችም አጠራጣሪ ስላይድን ለባልደረባ ማሳየት የዕለት ልማዳቸው ነው።

ለምርመራ መንገዱን ማወቅም የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከ2011 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው «ሮዝ ካራቫን» የተሰኘው ዘመቻ በልዩ ልዩ ኤምሬቶች እየተዘዋወረ ለዜጎችና ለነዋሪዎች ነጻ የጡት ምርመራ ሲሰጥ ቆይቷል። ከጥር 2025 ጀምሮም የግል ዘርፍ ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች የጤና መድን እንዲኖራቸው የሚያስገድደው ደንብ በሁሉም ኤምሬቶች ተግባራዊ ሆኗል። እያንዳንዱ የመድን ዓይነት የሚሸፍነው የሕክምና መጠን ስለሚለያይ፣ በመድን ካርዱ ላይ ወደተመለከተው ስልክ ደውሎ ባዮፕሲና የፓቶሎጂ ምርመራ መሸፈን አለመሸፈናቸውን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ ነው። በጡት ላይ ወይም በብብት ሥር አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጡት ጫፍ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ሥራን ላለማጣት ወይም ቤተሰብን ላለማስጨነቅ ሲባል ዝም የተባለ እብጠት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ በዚህ በሽታ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በዘመናችን መድኃኒቱ አለ፤ ለማን እንደሚሆን የሚያሳየውም ተፈትኖ የታመነ አንቲቦዲ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ናሙናና በአግባቡ የተነበበ አንድ የውጤት መስመር ነው።